በተመጣጣኝ ዋጋ ባለ አንድ ማርሽ የተራራ ብስክሌት ለመምረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጠባብ በጀት የተራራ ብስክሌት መግዛት የሚፈልግ ሰው ሲያማክረኝ ቀድሜ የማነሳለት ባለ አንድ ማርሹን ነው። ርካሽ ብስክሌት ላይ ቶሎ የሚያስቸግረው የማርሽ መቀየሪያው ነውና። እሱ ሲቀር ገንዘቡ ለፍሬሙ፣ ለጎማውና ለፍሬኑ ይተርፋል። ግን "አንድ ማርሽ ነው" ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ለተራራ አይሆንም። መምረጥ ይፈልጋል።

ባለ አንድ ማርሽ ሲባል ምን ማለት ነው?

ፊት አንድ ማርሽ፣ ኋላ አንድ ማርሽ፣ በመካከላቸው አንድ ሰንሰለት። በቃ። መሪው ላይ የማርሽ ማንሻ የለም፣ ኋላ የሚንጠለጠል ማርሽ ቀያሪም የለም። ፔዳል መርገጥ ስታቆሙ ጎማው ለብቻው መዞሩን ይቀጥላል። ፔዳሉ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞርበት "ፊክስድ" የሚባለው ሌላ ዓይነት ነው። ለድንጋያማ መንገድ ፊክስድ አልመክርም። ቁልቁለት ላይ ፔዳሉን አግድም አቁሞ ድንጋይ ማሳለፍ አይቻልበትም።

የሚቀየር ማርሽ ሳይኖረው ዳገት ይወጣል?

ይወጣል። አወጣጡ ግን ይለያል። ዳገቱ ከመድረሱ በፊት ፍጥነት ትይዛላችሁ፣ ከኮርቻው ትነሳላችሁ፣ መሪውን ጥብቅ አድርጋችሁ በሰውነታችሁ ክብደት ትረግጣላችሁ። በጣም ቀጥ ያለው ጋ ስትደርሱ ወርዳችሁ ትገፋላችሁ። ይህ ነውር የለውም። ባለ አንድ ማርሽ የሚነዳ ሁሉ የሚገፋበት ዳገት አለው።

ስንት ጥርስ ልምረጥ? ፊት 32፣ ኋላ 16 ሲባል ምን ማለት ነው?

ደህና ብስክሌት ገዝተው የሚጠሉት ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የፊቱን ጥርስ ለኋላው አካፍሉ። 32 ለ16 ሲካፈል 2 ነው። ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር የኋላው ጎማ ሁለት ዙር ይዞራል ማለት ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ሜዳ ላይ ትፈጥናላችሁ፣ ዳገት ላይ ግን ትቸገራላችሁ። ሲያንስ የዚህ ተቃራኒ ይሆናል።

ሁለት ለአንድ የሚባለው የቆየ ልማድ የመጣው ከ26 ኢንች ጎማ ዘመን ነው። በዚያ ጎማ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ 4 ሜትር ከምናምን ይሄዳል። ያንኑ 32 ለ16 ባለ 29 ኢንች ላይ ስታደርጉት ግን ርቀቱ ወደ 4.6 ሜትር ይጠጋል። ጎማው ስለተለቀ ማርሹም ከበደ። ስለዚህ 29 ኢንች ላይ ለጀማሪ ከ32 ለ19 ወይም ከ32 ለ20 መነሳት ይሻላል። ዳገት ለማይበዛበት አካባቢ 32 ለ18 ይበቃል። በ32 ለ18 ፔዳሉን በደቂቃ 90 ጊዜ ብታዞሩ ፍጥነታችሁ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ለመሄድ እግር እንደ ወፍጮ መሽከርከር አለበት።

ከሁለት ማርሽ መካከል ከተወዛገባችሁ ቀለል ያለውን ውሰዱ። ሜዳ ላይ ትንሽ ብትዘገዩ ምንም አይደል። ዳገት ሁሉ ላይ መውረድ ግን ያስጠላል። ደግሞም የኋላው ማርሽ ትንሽ ዕቃ ነው፣ ዋጋውም ከሌላው ዕቃ አንጻር ኢምንት ነው። ኋላ አንድ ጥርስ መለወጥ ፊት ሁለት ጥርስ ከመለወጥ ጋር ሊመጣጠን ምንም አይቀረውም፤ ስለዚህ የሚስተካከለው ከኋላ ነው።

ሱቅ ስገባ መጀመሪያ የት ልይ?

ከብስክሌቱ ኋላ ቁጭ በሉና የጎማው አክስል ፍሬሙ ላይ የሚገባበትን ቦታ ተመልከቱ። ቀለሙ፣ ጽሑፉ፣ ኮርቻው በኋላ ይደርሳል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ባለ ብዙ ማርሽ ብስክሌት ላይ የረገበውን ሰንሰለት የሚስበው ማርሽ ቀያሪው ነው። እዚህ እሱ የለም። ስለዚህ ሰንሰለቱን የሚወጥር ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። ዘዴው መጥፎ ከሆነ ሰንሰለቱ ይወልቃል። የሚወልቀው ደግሞ ዳገት ላይ ቆማችሁ በሙሉ ኃይል ስትረግጡ ነው።

ቀላሉ ዘዴ አግድም መግቢያ ነው። አክስሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተትበት ረዘም ያለ ክፍተት ነው። ጎማውን ወደ ኋላ ስባችሁ ዳዶውን ታጠብቃላችሁ። ጠንካራ ነው፣ ርካሽ ነው፣ የሚሰበር ነገር የለውም። አንድ ጠባይ ግን አለው። በኃይል ስትረግጡ ሰንሰለቱ በቀኝ በኩል አክስሉን ወደ ፊት ይጎትተዋል። ያኔ ጎማው ይጣመምና የፍሬሙን ግራ እግር ይታከካል። መፍትሔው ሰንሰለት መወጠሪያ የምትባል አክስሉን ወደ ኋላ ይዛ የምትቀር ትንሽ ብሎን ያላት ዕቃ ናት። ቢያንስ በቀኝ በኩል ትኑር። ጎማው የሚታሰረው ያለ ቁልፍ በእጅ በሚፈታ ማንሻ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ጠርጥሩ። በዳዶ የሚጠብቅ ይሻላል።

ሁለተኛው ተንሸራታች መግቢያ ነው። አክስሉ የሚገባበት ቁራጭ ራሱ በብሎን ይንሸራተታል፣ የዲስክ ፍሬኑ (ከጎማው መሃል የታሰረውን ሳህን የሚይዘው ፍሬን) መያዣም አብዛኛውን ጊዜ ከእሱ ጋር ይሄዳል። ሰንሰለት በወጠራችሁ ቁጥር ፍሬን እንደገና ማስተካከል አይጠበቅባችሁም። ካገኛችሁትና ዋጋው ካልራቀ ለዲስክ ፍሬን እሱን ውሰዱ።

ሦስተኛው ከመሃል የሚስተካከል ነው። የፔዳሉ ዘንግ የሚያልፍበት ክፍል ከመሃሉ ፈንጠር ብሎ የተሠራ ስለሆነ ስታዞሩት የፊቱ ማርሽ ወደ ፊት ይሄዳል። ንጹህ አሠራር ነው። ግን ጭቃና አሸዋ ሲገባበት መንቋቋት ይወዳል።

አክስሉ ቀጥ ብሎ ከታች ወደ ላይ የሚገባ ከሆነና ከእነዚህ አንዱም ከሌለ፣ ያ ፍሬም የተሠራው ለብዙ ማርሽ ነው። ይሠራል፣ ግን ሰንሰለቱን የሚስብ ተጨማሪ ወጣሪ ይፈልጋል።

ሰንሰለቱ ምን ያህል ይወጠር?

የታችኛውን ሰንሰለት መሃሉ ላይ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት። በጠቅላላው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ከተንቀሳቀሰ ጥሩ ነው። ክር እስኪመስል አትወጥሩት፤ ኩሽኔታውን ይበላል፣ ፔዳሉንም ያከብዳል።

ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ ስታዞሩ ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ሲጠብቅ ሌላ ቦታ ሲረግብ ታያላችሁ። የፊቱ ማርሽ ፍጹም ክብ ወይም ፍጹም መሃል ላይ ስለማይሆን ነው። ሁልጊዜ የምትለኩት በጠበቀው ቦታ ነው። በጠበቀውና በረገበው መካከል ያለው ልዩነት በዓይን ጎልቶ የሚታይ ከሆነ ያ ማርሽ ተጣሟል ወይም ርካሽ ሥራ ነው።

ሾክ ያለው የፊት ሹካ ይሻላል ወይስ ደረቁ?

በጀቱ ጠባብ ከሆነ ደረቁ። ርካሽ ሾክ ማለት በብረት ሞላ ላይ የተቀመጠ ከባድ ዕቃ ነው። ብዙዎቹ ከ2.5 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። ደህና ደረቅ የብረት ሹካ የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ርካሹ ሾክ ቆማችሁ ስትረግጡ ጉልበታችሁን እየዋጠ ይሰምጣል። ባለ አንድ ማርሽ ደግሞ ቆሞ መርገጥ ይበዛዋል።

በሾክ ፈንታ ሰፊ ጎማ አድርጉ። ፊት ላይ 2.3 ወይም 2.4 ኢንች ጎማ፣ ነፋሱም መለስ ያለ። መካከለኛ ክብደት ላለው ሰው በካላማዳሪ ከ25 እስከ 30 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ጥሩ መነሻ ነው። ጎማው ቸርኬው ድረስ እየተጨፈለቀ ድንጋይ ከመታ ትንሽ ጨምሩ። ይህን ብቻ አስተካክሎ የብስክሌቱ ጠባይ የተለወጠበት ብዙ ሰው አይቻለሁ።

26፣ 27.5 ወይስ 29 ኢንች?

አዲስ ከሆነ 29 ይሻላል። ትልቅ ጎማ ድንጋይና ሥር ላይ ቀለል ብሎ ያልፋል፣ ደረቅ ሹካ ሲሆን ደግሞ ጥቅሙ ጎልቶ ይታያል። ቁመታችሁ አጠር ካለ 27.5 እዩ። 26 ያገለገለ ገበያ ላይ በጣም ርካሽ ነው፤ ጥሩ የጎማ ምርጫ ግን ከዓመት ዓመት እየጠበበ ነው። ካላማዳሪና ጎማ በቀላሉ የምታገኙለት መሆኑን ሳታረጋግጡ ገንዘብ አትክፈሉ።

ፍሬሙ ብረት ይሁን ወይስ አሉሚኒየም?

ሁለቱም ይሆናል። ክሮሞሊ የሚባለው ብረት ካጋጠማችሁ ግን አትለፉት። ከተራው ብረት ስለሚጠነክር ቱቦው ቀጭን ሆኖ ይሠራል፣ በደረቅ ሹካ ሲነዳም ንዝረቱ ለስለስ ይላል። ቢሰነጠቅ እንኳ ጥሩ በያጅ ይመልሰዋል። ፍሬሙ ላይ "4130" የሚል ቁጥር ካያችሁ ያ ክሮሞሊ ነው። "ሃይ ቴን" የሚለው ተራው ብረት ነው። ጠንካራ ነው፣ ግን ይከብዳል። አሉሚኒየም ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ በተመሳሳይ ዋጋ ብዙ ጊዜ ከሃይ ቴን ይሻላል።

ፍሬኑስ?

እዚህ ላይ አትቆጥቡ። ጥሩ ቪ-ብሬክ (ቸርኬውን ከሁለት ጎን የሚቆነጥጠው) ከመጥፎ ዲስክ ይበልጣል። ጭቃና ዝናብ የሚበዛበት መንገድ ላይ ግን በሽቦ የሚሳብ ደህና ዲስክ ፍሬን ጥሩ ምርጫ ነው። ለመጠገንም በዘይት ከሚሠራው ይቀላል።

ቪ-ብሬክ ያለው ብስክሌት ስትገዙ "በኋላ ዲስክ አደርግበታለሁ" ካላችሁ ሁለት ነገር እዩ፦ ፍሬሙና ሹካው ላይ የዲስክ መያዣ መኖሩን፣ የጎማው ሞዞም ዲስክ የሚታሰርበት ቦታ እንዳለው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ጎማ ወይም ሹካ እስከ መቀየር ትሄዳላችሁ፣ ያ ደግሞ ርካሽ አይደለም። ቸርኬው የሚያብለጨልጭ ክሮም የተቀባ ብረት ከሆነና ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ከሆነ ተዉት። ሲረጥብ አይዝም።

አዲስ ልግዛ ወይስ ያገለገለ?

ማየት ለሚችል ሰው ያገለገለው ብዙ ያተርፋል። እንደ ሰርሊ ዋን ባይ ዋን፣ ሬድላይን ሞኖኮግና ኮና ዩኒት ያሉት የብረት ብስክሌቶች ደረቅ ሹካ ያላቸው፣ ለዚሁ ሥራ የታሰቡ ናቸው። ዓመታት አሳልፈውም በደህና ሁኔታ ሲሸጡ ይገኛሉ። የሚያረጀው ዕቃ ትንሽ ስለሆነ ያገለገለ ባለ አንድ ማርሽ ያገለገለ ባለ ብዙ ማርሽ ያህል አያስፈራም።

ስታዩት እንዲህ አድርጉ። የፊት ፍሬን ይዛችሁ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉት፤ ቋ ቋ የሚል ከተሰማ የመሪው ኩሽኔታ ልል ነው። ከዚያ የፔዳሉን ክንድ ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት። መነቃነቅ የለበትም። ከተነቃነቀ ወይ ክንዱ ላልቷል ወይ ኩሽኔታው አልቋል። ኩሽኔታ ርካሽ ነው። ክንዱ ላልቶ ብዙ ከተነዳ ግን ቀዳዳው ተበልቷልና ክንዱ ራሱ ይቀየራል።

አሁን ሰንሰለቱን ከፊቱ ማርሽ ፊት ለፊት በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ፊት ሳቡት። ከጥርሱ ተላቆ በመካከሉ ብርሃን ካሳየ ሰንሰለቱ ተለጥጧል። ማስመሪያ ካላችሁ ለኩት፦ አዲስ ሰንሰለት 12 ጥንድ ማያያዣው በትክክል 12 ኢንች ነው። 12 ከ1/16 ሲደርስ የመቀየሪያው ጊዜ ነው፣ 12 ከ1/8 ከሆነ ማርሾቹንም ይዟቸው ሊሄድ ይችላል። ጥርሶቹ ወደ አንድ ጎን ዘምበል ብለው የዓሣ ክንፍ ከመሰሉ አልቀዋል። ይህ ሁሉ ዋጋ ማስቀነሻ እንጂ መሸሻ ምክንያት አይደለም።

መሸሻው ይህ ነው። መሪው ከሚታሰርበት ቱቦ ሥር፣ ቁልቁል ወደ ፔዳል የሚሄደው ቱቦ መጀመሪያ ላይ ጣታችሁን አሳልፉ። ቀለሙ ከተሸበሸበ ወይም ቱቦው ካበጠ ብስክሌቱ ከፊት ተጋጭቷል። ሻጩ ምንም ቢል ትታችሁ ሂዱ። የኋላ አክስል መግቢያውና ብየዳዎቹ ዙሪያ ስንጥቅ ካለም እንዲሁ።

ቤት ያለውን ባለ ማርሽ ብስክሌት መለወጥ ይቻላል?

ይቻላል፣ ብዙ ጊዜም ከሁሉ የሚረክሰው መንገድ ይህ ነው። ማርሽ ቀያሪዎቹን፣ ማንሻዎቹንና ሽቦዎቹን ታወርዳላችሁ። የኋላውን የማርሽ ድርድር አውጥታችሁ በምትኩ አንድ ማርሽና ቦታውን የሚሞሉ ቀለበቶች ታስገባላችሁ። ቀለበቶቹን ካረጀ የማርሽ ድርድር መፍታት ይቻላል። ሰንሰለቱ ይቆረጣል፣ ወጣሪ ይገጠምለታል። ለሙከራ ያህል አሮጌው የኋላ ማርሽ ቀያሪ ራሱ ወጣሪ ሆኖ ያገለግላል። በብሎኑ አስተካክላችሁ ከማርሹ ትይዩ ታቆሙታላችሁ፣ አለቀ።

ሁለት ነገር ግን አትርሱ። አንደኛ፣ የፊቱና የኋላው ማርሽ ቀጥ ባለ መስመር ይሁኑ። ከኋላ ሆናችሁ አንድ ዓይን ጨፍናችሁ ሰንሰለቱን ተከተሉ፤ ወደ ጎን ከተጣመመ ቀለበቶቹን አቀያይሩ። ሁለተኛ፣ የኋላ ማርሹ መቀመጫ አሉሚኒየም ከሆነ ከሥሩ ሰፋ ያለ ማርሽ ግዙ። ቀጭኑ በጉልበት ሲረገጥ አሉሚኒየሙን እየበላ ይሰምጣል።

ከዚህ ውጭ ገንዘቤን የት ላውለው?

ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ የሚያዝ የመሪ እጀታ። ከተረፈ ሰፋ ያለ መሪ፦ ከ720 እስከ 760 ሚሊ ሜትር። ቆማችሁ ስትረግጡ የምትስቡት መሪውን ስለሆነ ስፋቱ ጉልበት ይሰጣል። ቀላል ክብደት ላይ ገንዘብ አታፍስሱ።

መጠኑን እንዴት ልምረጥ?

በሁለት እግራችሁ መሬት ቆማችሁ የላይኛው ቱቦ ከብሽሽታችሁ በታች ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ኮርቻ ላይ ስትቀመጡ ደግሞ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበታችሁ በትንሹ የታጠፈ ይሁን። ትልቅ ፍሬም በርካሽ ስለተገኘ ብቻ አይገዛም።

የቢኤምኤክስ ወይም በፔዳል ወደ ኋላ ተረግጦ የሚቆም ብስክሌት አይሆንም?

ለተራራ አይሆንም። ቢኤምኤክስ ተቀምጦ ረጅም መንገድ ለመንዳት አልተሠራም። በፔዳል የሚቆመው ደግሞ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሞዞው ይግላል፣ ውስጡ ያለው ግሪስ ይቀልጣል፣ ሰንሰለት ቢወልቅም የኋላ ፍሬን አይኖራችሁም።

ጉልበቴን ይጎዳኛል?

ማርሹ ከከበደና ኮርቻው ዝቅ ካለ አዎ፣ ሊያሳምም ይችላል። ቀለል ባለ ማርሽ ጀምሩ፣ ተቀምጣችሁ ከመታገል ተነሱ፣ ሲብስ ውረዱ። የቆየ የጉልበት ሕመም ያለበት ሰው ግን ባለ ማርሽ ይግዛ። ዕቃ ጭኖ ለሚሄድ፣ ረጅም አስፋልት ለሚነዳ፣ ለሰዓታት የማያባራ ዳገት ለሚወጣም መልሴ ያው ነው።

ጥገናው ምን ይጠይቃል?

ሰንሰለት ጠርጎ ዘይት መቀባት፣ ሲረግብ መወጠር፣ የኋላውን ዳዶ ማጥበቅ። ሰንሰለት ስትገዙ ስፋቱን እዩ። 1/8 ኢንች የሚባለው ሰፊው ነው፣ 3/32 ደግሞ ጠባቡ። ሰፊው ጠባብ ማርሽ ላይ ይሠራል፣ ጠባቡ ግን ሰፊ ማርሽ ላይ አይገባም።

በኋላ ማርሽ ልጨምርበት ብፈልግስ?

ከመግዛታችሁ በፊት አስቡበት። ፍሬሙ ላይ በቀኝ በኩል ማርሽ ቀያሪ የሚሰቀልበት ጆሮ መኖር አለበት። የኋላው ሞዞም ማርሽ የሚደረደርበት ሙሉ ርዝመት ያለው ይሁን። ለአንድ ማርሽ ብቻ የተሠራ ሞዞ መቀመጫው አጭር ስለሆነ አንድ ወይም ሁለት ማርሽ እንጂ ሙሉ ድርድር አይቀበልም። ጆሮውም ረጅሙ ሞዞም ያለውን ካገኛችሁ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም እሱን ውሰዱ፤ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ የሚገዛው ማርሽ ቀያሪው፣ ማንሻው፣ ሽቦው፣ የማርሽ ድርድሩና ለእሱ የሚሆን ሰንሰለት ብቻ ነው።